ካቫ አፈላልን የሚያውቅ አለ?

ሰላም ለእናንተ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ሰንብቷል። የአክስቴ ልጅ ከአውስትራሊያ ሲመጣ «ያረጋጋሻል» ብሎ አንድ ከረጢት ካቫ ሰጠኝ። የቁንዶ በርበሬ ዘመድ የሆነ ተክል ሥር ነው፤ ዱቄት ተደርጎ። ፊጂና ቫኑዋቱ ሰው ተሰብስቦ ይጠጣዋል፣ እንደ እኛ ቡና በሉት።

ትናንት ማታ እንደ ሻይ አፈላሁት። የጎርፍ ውሃ መሰለ። ጣዕሙም ያው ጭቃ! ምላሴና ከንፈሬ ደነዘዙ፣ ሌላ ምንም የለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጣሪያ ሳይ አደርኩ። ለካ አይፈላም። በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ፣ በጨርቅ ታሽቶ ነው የሚጨመቀው። ታዲያ በምን ልጭመቀው? የሻይ ማጥለያዬ ዱቄቱን ያሳልፋል። አሮጌ ነጠላ ይሆናል?

ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን ጉበት ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2002 የካቫ መድኃኒቶችን ያገደችው በዚሁ ሥጋት ነው። ከመጠጥ ጋር አይሄድም ይላሉ፤ እሱስ አልጠጣም። ለራስ ምታቴ ግን ፓራሲታሞል አዘወትራለሁ። የሰፈራችንን ፋርማሲስት ብጠይቀው «ጫት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

የሕክምና ባለሙያ ካላችሁ እባካችሁ መልሱልኝ፦ መጀመሪያ የጉበት ምርመራ ላድርግ ወይስ ከረጢቱን ልጣለው?