ካርዱ ነው የተበላሸው ወይስ ከርነሉ?

ጣና_ዳር፦
ሰላም ወገን። በአንድ አሮጌ የአርም ቦርድ (አርም ፕሮሰሰር ያለው ትንሽ ኮምፒውተር) የሐይቁን ከፍታ የሚለካ ነገር ልሠራ ብዬ የሊኑክስ 4.4 ከርነልን (የሲስተሙን እምብርት) በጂሲሲ 4.8.2 ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚቀይረው) መገንባት ጀመርኩ። ግንባታው ገና ሲጀምር "ኮምፓይለርህ ከርነል ያበላሻል" ብሎ ቆመ። ምን አባቱ ብዬ ኤረር የሚሉትን ሁለት መስመሮች አጠፋኋቸው። ተገነባ፣ ቦርዱም ተነሣ። ትናንት ማታ ግን መብራት እንኳ ሳይሄድ ሜሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ፋይል ሁሉ ተዘበራረቀ። ሁለት ካርድ ቀየርኩ፣ ያው ነው።

ፖሊ_ሰፈር፦
ኧረ ወንድሜ! ሁለተኛዋን መስመርስ አነበብካት? ፋይል ሲስተም ይበላሻል ትላለች እኮ። የጂሲሲ ባግ ቁጥር 58854 ነው፣ ከ4.8.0 እስከ 4.8.2 ድረስ አርም ላይ አለ። ፈንክሽኑ ሲያልቅ መጀመሪያ ስታኩን (ለጊዜው የሚጽፍበትን የሜሞሪ ቦታ) ይለቃል፣ ከዚያ ነው እዚያ የቀረውን የሚያነበው። ሐይቁ ዳር ካፌ ስልክህን ጠረጴዛው ላይ ትተህ ወንበር እንደመልቀቅ በለው፤ ሰው ካልመጣ ተመልሰህ ታነሳዋለህ፣ ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን ድንገት ወደ ሌላ ሥራ የሚጠራ ምልክት) ከመጣ ግን ቦታው ላይ የራሱን ይጽፍበታል። አንዴ ሠርቶ አንዴ የሚያብደው ለዚህ ነው። 4.8.3 ላይ ተስተካክሏል።

ጣና_ዳር፦
4.8.3ን ላወርድ ብል ኔትወርኩ ሦስቴ አቋረጠኝ። ላፕቶፔንም ቀይሬ ነበር፣ አዲሱ ላይ ያለው ጂሲሲ 10 ነው። እሱ ደግሞ "ዋይዋይሎክ ሁለት ቦታ ተገልጿል" ብሎ ሞተ።

ዓባይ_ማዶ፦
እሱ ባግ አይደለም። ከ10 ጀምሮ ጂሲሲ ኖ ኮመን የሚባለውን ምርጫ ራሱ ያበራዋል፣ አንድ ቫሪያብል ሁለት ቦታ ተገልጾ ካየ አይታገስም። ዲቲሲ ሌክሰር (ከከርነሉ ጋር የሚመጣ የአንድ መሣሪያ ፋይል) ውስጥ ዋይዋይሎክ የተባለው ቫሪያብል የተገለጸባት መስመር ፊት ኤክስተርን ("ሌላ ቦታ ተገልጿል" ማለት ነው) ጨምር። 4.4 የሚያነበው ግን ስሙ በሺፕድ የሚያልቀውን ኮፒ ነው፣ እሱን ካልነካህ ቀኑን ሙሉ ትለፋለህ (እኔ ለፍቻለሁ)። ደግሞ 4.8.3 አጣሁ ብለህ 4.9.0ን እንዳታወርድ። በ2014 እ.ኤ.አ. የከርነሉን ሎድ ባላንስ (ሥራን ለፕሮሰሰሮች የሚያከፋፍለውን ኮድ) አበላሽቶ የሊኑክስን ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስን ራሱን አናድዶታል፣ ከርነሉ ሜክፋይል (የግንባታ መመሪያው ፋይል) ውስጥ ችግሩን የሚያልፍ መላ እስኪጨመር ድረስ።

ፖሊ_ሰፈር፦
4.8.3 በፍላሽ አለኝ፣ ነገ ፔዳ ግቢ በር ላይ እንገናኝ።

ጣና_ዳር፦
ወንድሜ ተባረክ፣ ተገነባ! ሦስት ቀን ሆነው፣ አንድ ፋይል አልጠፋም።

ዓባይ_ማዶ፦
የቀየርካቸውን ካርዶች ጣልካቸው እንዴ?

ጣና_ዳር፦
አንዱን ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁት። ዘፈን ሞልቶበት ቀኑን ሙሉ ያዳምጣል፣ ምንም አልሆነበትም።