የስታውት ኪቴ እንዳይቀጥን ምን ልጨምርበት?

ጥቁር አረፋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁ። እስካሁን የምሠራው በኪት ነው። አሁን እጄ ላይ 1.7 ኪሎ የሚመዝን የስታውት (የጥቁር ቢራ) ኪት አለ፤ ሆፕስ (ቢራን የሚያመርረው አበባ) የገባበት የብቅል ሽሮፕ ማለት ነው። መመሪያው 1 ኪሎ ስኳር ጨምር፣ በውሃ 23 ሊትር አድርስ ይላል። ባለፈው ልክ እንደተጻፈው ሠራሁት። ቀለሙ ጥቁር ነው፣ ሽታውም ደህና ነው። አፍ ላይ ግን ቀጠነብኝ። አረፋውም ከተቀዳ ብዙ ሳይቆይ ይጠፋል።

እኔ የምፈልገው ወፈር ያለ፣ ለስለስ የሚል፣ ቡናና ቸኮሌት የሚሸት ስታውት ነው። በስኳሩ ፋንታ ምን ላስገባ? አጃ ያወፍራል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንዲሁ ቀቅዬ ልጨምረው? ቡናውና ካካዋውስ መቼ ይገባሉ? ያለኝ ዕቃ 25 ሊትር የሚይዝ ማብላያ ባልዲ፣ 10 ሊትር የሚይዝ ድስት፣ ቴርሞሜትርና ሃይድሮሜትር (የፈሳሽ እፍጋት መለኪያ) ነው።

ቆርኪ

ወንድሜ፣ ቅጥነቱ የመጣው ከስኳሩ ነው። እርሾ ተራ ስኳርን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። አልኮልና ጋዝ ይሰጥሃል፣ አፍ ላይ የሚቀር ነገር ግን የለም። ብቅል ውስጥ እርሾው የማይበላቸው ረጃጅም ስኳሮችና ፕሮቲን አሉ። ውፍረቱም አረፋውም ከእነሱ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ያንን 1 ኪሎ ስኳር ሙሉ በሙሉ ተወውና 1 ኪሎ ደረቅ የብቅል ኤክስትራክት አስገባ። በውሃ የሚሟሟውን ዱቄት ማለቴ ነው፣ የተፈጨ እህል አይደለም። 23 ሊትርም አታድርሰው፤ 20 ላይ አቁም። ውሃ መቀነሱ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል፣ ምንም ወጪም የለውም።

ዱቄቱን በሚተን ውሃ ላይ እንዳትበትነው። እንፋሎቱ ወዲያው ጓል ያደርገዋል። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በትነህ አማስለው፣ ከዚያ እሳት ላይ ጣደው።

ሁለት ኪት በአንድ ባልዲ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ይወፍራል፣ እውነት ነው። ግን ሆፕሱ ኪቱ ውስጥ ስላለ ምሬቱም እጥፍ ይሆናል። አንተ ለፈለግከው ለስላሳ ስታውት አይሆንም።

ጓዳ 20 ሊትር

ቆርኪ ባለው እስማማለሁ። እኔ ደግሞ እህል ጨምርበት እላለሁ። ኪት ብቻውን የማይሰጠው ነገር ትኩስ የተቆላ እህል ሽታ ነው። ቡና ሳይገባ ቡና ቡና የሚለው ያ ጣዕም የሚመጣው ከተቆላ ገብስ ነው።

ለ20 ሊትር 200 ግራም የተቆላ ገብስና 250 ግራም ክሪስታል ብቅል (ውስጡ ያለው ስኳር ካራሜል እስኪሆን የተቆላ ብቅል) ይበቃሃል። ክሪስታሉ ትንሽ ጣፋጭነትና ውፍረት ይሰጣል። ሁለቱንም ሸርከት አድርገህ በስስ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ክተት። 3 ሊትር ውሃ 65–70 ዲግሪ ላይ አድርስና ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፈው። ከዚያ ከረጢቱን አንሣና ይንጠፍጠፍ።

እህሉን ከነከረጢቱ አታፍላው። ሙቀቱ በጣም ከወጣ ከገለባው ምላስ የሚያደርቅ ነገር ይወጣል፣ አንዴ ከገባ ደግሞ አይወጣልህም። ከረጢቱ ከወጣ በኋላ ግን ውሃውን በቀዝቃዛ ውሃ ከተበጠበጠው የብቅል ዱቄት ጋር 10 ደቂቃ አፍላው። እህል ሁልጊዜ ባክቴሪያ ይዞ ነው የሚመጣው። መጨረሻ ላይ እሳቱን አጥፋና ኪቱን ጨምር። ኪቱን ማፍላት አያስፈልግም፤ የሆፕሱን መዓዛ በከንቱ ታበነዋለህ። ሁሉንም ባልዲው ውስጥ ገልብጠህ በቀዝቃዛ ውሃ 20 ሊትር ሙላ።

እርሾውን በተመለከተ፣ ከኪቱ ክዳን ሥር የሚመጣው ከረጢት ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፣ መቼ እንደታሸገም አታውቅም። አንድ ሙሉ ፓኬት ደረቅ የኤል እርሾ (በክፍል ሙቀት አካባቢ የሚሠራ የቢራ እርሾ) ግዛ። እኔ ሳፍኤል ኤስ-04 ነው የምጠቀመው። ፈሳሹ ቀዝቅዞ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እርሾውን ጨምርና በ18 እና በ20 መካከል አቆየው። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ከስታውት ጋር የማይሄድ የፍራፍሬ ሽታ ያመጣል።

አጃ ወዳድ

አጃን እንዲሁ ቀቅለህ አትጨምረው። አጃ ውስጥ ያለው ስታርች ነው። ወደ ስኳር የሚቀይረው ኢንዛይም ደግሞ አጃው ላይ የለም፣ ብቅሉ ላይ ነው ያለው። ኪቱና ዱቄቱ ሲዘጋጁ ስለተቀቀሉ ኢንዛይማቸው ሞቷል። ብቻውን ካስገባኸው ስታርቹ እንዳለ ቢራው ውስጥ ይቀራል፤ ለባክቴሪያ ምግብ ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። 300 ግራም የተዳመጠ አጃ ከ500 ግራም ሸርከት ያለ ነጣ ያለ ብቅል ጋር ቀላቅል። በ2.5 ሊትር ውሃ 66 ወይም 67 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት አቆየው። ድስቱን በወፍራም ፎጣ ብትጠቀልለው ሙቀቱን ይይዛል። ከዚያ 75 ዲግሪ በሆነ ውሃ እህሉን አለቅልቀውና ውሃውን ከሌላው ጋር ደምረው። ጓዳ ያለችውን የተቆላ ገብስም እዚሁ ውስጥ መጨመር ትችላለህ። አጃ የሚሰጠው ልስላሴ በሌላ ነገር አይገኝም፤ እኔ ያለ አጃ ስታውት አልጠምቅም።

ጓዳ 20 ሊትር

አጃ ወዳድ፣ አሠራሩ ልክ ነው። ግን ልጁ እህል ዘፍዝፎ አያውቅም። አጃ፣ ቡና፣ ካካዋ፣ ላክቶስ በአንድ ዙር ከገቡ የትኛው ምን እንደሠራ እንዴት ይለያል? በዚህ ዙር ዱቄቱን፣ የተቆላውን ገብስና ክሪስታሉን ይሥራ። ልስላሴውን ከፈለገ 300 ግራም ላክቶስ ይጨምር። የወተት ስኳር ነው፤ የቢራ እርሾ ሊበላው ስለማይችል ጣፋጭነቱና ውፍረቱ እንዳለ ይቀራል። 10 ደቂቃ ሲፈላ አብሮ ይገባል። አጃው በሚቀጥለው ይሁን።

ጥቁር አረፋ፣ ላክቶስ ከጨመርክ ለምትጋብዛቸው ሰዎች ሁሉ ንገር። ወተት የማይስማማቸው ሰዎች ቢራ ውስጥ ወተት ነክ ነገር ይኖራል ብለው አይጠረጥሩም።

ቀዝቃዛ ጭልፋ

ስለ ቡናና ካካዋ ማንም ስላልመለሰ እኔ ልሞክር። ሁለቱም የሚገቡት መብላላቱ ካለቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ብታስገባቸው የሚወጣው ጋዝ መዓዛቸውን ይዞት ይሄዳል።

ቡና፦ 60 ግራም በሻካራው የተፈጨ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 600 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ። ፍሪጅ ውስጥ ለ24 ሰዓት አስቀምጥ፣ በወረቀት ማጣሪያ አጥልል። የፈላ ቡና አታድርግ፤ ስታውቱ ራሱ የተቆላ ምሬት ስላለው ሁለቱ ሲደረቡ ይሻክራሉ። አቆላሉ መካከለኛ ይሁን። በጣም የጠቆረው የአመድ ጣዕም ያመጣል።

ካካዋ፦ የተከካ የካካዋ ፍሬ 100 ግራም ውሰድ። እስኪሸፍነው ድረስ ቮድካ አፍስስበትና ለ5 ቀን ክዳኑን ዘግተህ አስቀምጥ። ከዚያ ከነፍሬው ባልዲው ውስጥ ጨምረው። ከ4ኛው ቀን ጀምሮ እየቀመስክ ሲበቃህ ቢራውን በቱቦ ሳብና ለየው። የሚበላ ቸኮሌት ግን በጭራሽ አታስገባ። ቅቤው አረፋህን ይገድለዋል፣ አንተ ደግሞ መጀመሪያም የጠየቅከው ስለ አረፋ ነው።

አጃ ወዳድ

ቡናውን ሳይፈጭ ሙሉ ፍሬውን ባልዲው ውስጥ መጨመርም ይቻላል። 80 ግራም በንጹሕ ከረጢት፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት። ማጥለል የለ፣ ውሃ መጨመር የለ። መዓዛው በጣም ንጹሕ ነው።

ቀዝቃዛ ጭልፋ

መዓዛው ጥሩ መሆኑን አልክድም። ችግሩ መጠኑን አስቀድመህ መቅመስ አለመቻልህ ነው። ተጠልሎ የተዘጋጀውን በጠብታ እየለካህ ትጨምራለህ፤ ፍሬው ግን የሰጠህን ትቀበላለህ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው የተጠለለውን እመርጣለሁ።

ጥቁር አረፋ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ጓዳ እህቴ እንዳልሽው አጃውን ለሌላ ጊዜ ተውኩት። ዱቄቱን፣ እህሉንና 300 ግራም ላክቶስ አስገብቼ 20 ሊትር አደረግኩት። እርሾው ኤስ-04 ነው። ከመብላላቱ በፊት ሃይድሮሜትሩ ያነበበው መነሻ 1.052 ነበር።

አሁን ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ሃይድሮሜትሩ 1.020 ላይ ቆሟል፤ ከሦስት ቀን በፊትም ያው ነበር። ብዙ ቦታ ስታውት 1.012 ወይም 1.014 ላይ ያልቃል ተብሎ አነባለሁ። እርሾው ቆሞብኝ ይሆን? ሌላ ፓኬት ልጨምር?

ቆርኪ

ሌላ እርሾ አያስፈልግህም፤ ሒሳቡን እንሥራው። 300 ግራም ላክቶስ በ20 ሊትር ውስጥ ንባቡን 6 ነጥብ (0.006) ያህል ከፍ ያደርገዋል። እርሾው ስለማይነካው እነዚህ 6 ነጥቦች መነሻውም ላይ መጨረሻውም ላይ አሉ። ስለዚህ እርሾው የሚሠራበት መነሻ 1.046 ነበር፣ አሁን 1.014 ደርሷል ማለት ነው። ሰባ በመቶ ያህሉን በልቶታል። ለኤክስትራክት ስታውት ጤነኛ ቁጥር ነው።

አልኮሉን ለማወቅ 1.052 ሲቀነስ 1.020 በ131 አባዛው። 4.2 በመቶ አካባቢ ይመጣል።

ለመተማመን ባልዲውን ሳትከፍት ቀስ አድርገህ አወዛውዘው፣ ክፍሉን 20 ወይም 21 ዲግሪ አድርግ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ደግመህ ለካ። ስትለካ ናሙናውን ከአንድ ብርጭቆ ወደ ሌላው ደጋግመህ ገልብጠው። የጋዝ አረፋ ሃይድሮሜትሩ ላይ ከተጣበቀ ወደ ላይ ያነሣውና ውሸት ያነብልሃል። ቁጥሩ ካልወረደ አልቋል። ከወረደ ግን ጠርሙስ ውስጥ እንዳታስገባው፤ ያላለቀ ቢራ የታሸገበት ጠርሙስ ይፈነዳል፣ ሰው ይጎዳል።

ጥቁር አረፋ (ጠያቂ)

ለካሁት። 1.020፣ ንቅንቅ አላለም! ቀመስኩትም፤ ያለ ጋዝ እንኳን ከባለፈው ጋር አይገናኝም። ካካዋውን ለዚህ ዙር ተውኩት፣ ቡናውን ግን እፈልጋለሁ። ስንት ልጨምር? ስኳሩስ ለጠርሙስ ስንት ነው? እንደ ድራፍት ጊነስ ያለ ክሬም የመሰለ አረፋ ይወጣዋል?

ቀዝቃዛ ጭልፋ

ከአረፋው ልጀምር። የድራፍት ጊነስ አረፋ የናይትሮጅን ሥራ ነው። ጠርሙስ ውስጥ በስኳር የሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ስለሆነ ያንን አይሰጥህም። ቡናማ፣ ጥሩ የሚቆም አረፋ ግን ታገኛለህ። ብርጭቆው ላይ የሳሙና ወይም የቅባት ቅሪት እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቅ።

ቡናውን በብርጭቆ ሞክረው። ሦስት ብርጭቆ ላይ 100 ሚሊ ሊትር ቢራ ቅዳ። በአንዱ 1፣ በአንዱ 2፣ በአንዱ 3 ሚሊ ሊትር ቡና ጨምርና ቅመስ። የመረጥከውን መጠን በጠቅላላው አባዛ። ለምሳሌ 2 ከሆነ ለ10 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ይሆናል። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ለዚህ በጣም ይመቻል።

እኔ ብሆን ግማሹን ብቻ ነው ቡና የማደርገው። ቢራውን ከአተላው ለይተህ በቱቦ ወደ ሌላ ንጹሕ ባልዲ ሳብ፣ እንዳይንቦጫረቅ የቱቦው ጫፍ ታች ይድረስ። 19 ሊትር ያህል ይተርፍሃል። 95 ግራም ስኳር በትንሽ ውሃ አፍላና አቀዝቅዘህ ሁሉም ላይ ጨምር፤ በሊትር 5 ግራም ማለት ነው፣ ለስታውት ከዚህ በላይ ጋዝ አይፈለግም። ቀስ አድርገህ አማስል። ግማሹን ጠርሙስ ውስጥ ቅዳና ክደን። በቀረው ላይ ቡናውን ጨምር፣ እንደገና ቀስ ብለህ አማስል፣ ቅዳ። የቡናዎቹ ቆርኪ ላይ ምልክት አድርግ።

ሁሉንም ለሁለት ሳምንት 20 ዲግሪ አካባቢ አቆያቸው፣ ከዚያ አንድ ጠርሙስ አቀዝቅዝና ሞክር። የቡናውን ቶሎ ጠጣው፤ መዓዛው ከጥቂት ወራት በኋላ ይደክማል። ያለ ቡና የቀዳኸው ግን ሲቆይ ይሻሻላል፣ የተወሰኑትን ጨለማ ቦታ ደብቃቸው።