«ሕማም» እና የዓረብኛው «ሑማ» ይዛመዳሉ?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። በግዕዝም በትግርኛም «ሕማም»፣ በአማርኛ «ህመም» ነው። በዓረብኛ ግን «ሑማ» ትኩሳት ነው። ድምፃቸው ስለተቀራረበ ብቻ ይዛመዳሉ ማለት ይቻላል?

መልስ፦ በድምፅ መቀራረብ ብቻ አይባልም። ግን ሐ-መ-መ የሚለው ሥር በሁሉም አለ። በዕብራይስጥ «ሐም» ሙቅ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከሙቀት ወደ ትኩሳት፣ ከዚያ ወደ በሽታ ሄዷል ቢባል ያስኬዳል። «ደዌ»ንም እይ፣ ዓረብኛው «ዳእ»፣ ዕብራይስጡ «ድዋይ» ይለዋል።

ሌላ መልስ፦ ከሴማዊ ቋንቋዎች (እነ ግዕዝ፣ አማርኛ፣ ዓረብኛ፣ ዕብራይስጥ) ስትወጡ ተጠንቀቁ! ሶማሊኛ ትኩሳትን «ሑመድ» ይላል፤ የጥንት ዝምድና ይመስላል እንጂ ከዓረብኛ የተዋሰው ነው። ኦሮምኛ በሽታን «ዹኩባ» ነው የሚለው፣ ጭራሽ ሌላ። በተቃራኒው ለበሽታ የዓረብኛው «መረድ»፣ የአካድኛው (የጥንት መስጴጦምያ ሴማዊ ቋንቋ) «ሙርጹ» እና የአራማይኩ (ሌላ ጥንታዊ ሴማዊ ቋንቋ) «መርዓ» ለጆሮ ባይመሳሰሉም አንድ ናቸው፤ ምክንያቱም ደ፣ ጸ እና ዐ በሌሎች ቃላትም እንዲሁ ይተካካሉ፣ ለምሳሌ ምድር «አርድ»፣ «ኤርጸቱ»፣ «አርዓ» ነው። ማስረጃ የሚባለው ይሄ ነው።

ጠያቂ፦ በጣም አመሰግናለሁ! ራስ ምታት፣ ውጋት፣ ቁርጠትስ?

መልስ፦ እነሱ ከራሳችን ግሶች የወጡ ናቸው፦ መታ፣ ወጋ፣ ቆረጠ።