«ካፕል» ሁለት ነው ወይስ ጥቂት? እባካችሁ እርዱኝ

እንግሊዝኛ ጠንቅቃችሁ የምታውቁ እባካችሁ ድረሱልኝ። «ካፕል» የሚለው ቃል ግራ አጋብቶኛል። ባልና ሚስት ወይም ፍቅረኛሞች ሲሆኑ ይገባኛል። ግን አለቃዬ ሥራውን «ኢን ኤ ካፕል ኦፍ ዴይስ» ላኪልኝ ብሎ ጻፈልኝ፣ እኔም ልክ ሁለት ቀን ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ጨርሼ ስልክለት፣ ለካ ሦስት አራት ቀን ቢሆንም ችግር አልነበረውም። ታዲያ መቼ ነው ቁርጥ ሁለት የሚሆነው?

«ፔር» (ጥንድ) የሚለው ቃል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጫማ ሁለት ስለሆነ እሺ፤ መቀስና ሱሪ ግን አንድ ሆነው «ኤ ፔር ኦፍ» ይባላሉ። ሁለት ስለት፣ ሁለት እግር ስላላቸው ይሆን? ሁለት ሸሚዝ ለማለትስ የቱን ልጠቀም? ከ«ካፕል» ቀጥሎ «ኢዝ» እና «አር» ሁለቱንም አይቻለሁ፣ ልዩነቱን በምሳሌ ብታሳዩኝ በጣም አመሰግናለሁ።