ከክርስትናው ወዲህ ልጄ ጡት ላይ እየተነጫነጨ አስቸገረኝ፣ ምን ላድርግ?

የበኩር እናት (አዲስ አበባ)

ሰላም እናቶች፣ እንዴት ናችሁ? ወንድ ልጄ በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሳ። እስከዚያ ድረስ አጠባቡ ደህና ነበር። አሁን ጡቱን ይይዝና ትንሽ ስቦ ይለቃል፣ ይጮኻል፣ ጀርባውን ወደ ኋላ እየለጠጠ በእጁ ይገፋኛል፣ ከዚያ ደግሞ ራሱ አፉን ከፍቶ ይፈልገዋል፣ ስሰጠው ያው ነው። ጠዋት ጡቴ ግት ብሎ ሲያድር ትን ይለዋል፣ ያስለዋል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ልጅ ነው፤ ይጠባል ይለቃል፣ ይጠባል ይለቃል፣ እስከ ሦስትና አራት ሰዓት እንደዚያ ነን። ሌሊት እንቅልፍ ውስጥ ሆኖ ሲጠባ ግን ምንም የለም!

አማቴ «ወተትሽ ቀጥኗል፣ አያጠግበውም፣ የዱቄት ወተት ጀምሪለት» ይላሉ። የጎረቤታችን እናት ደግሞ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ ብለውኛል። ባለቤቴ ከሁሉም ጋር እየተስማማ ነው። ግራ ገባኝ።

የሁለት ልጆች እናት (ሀዋሳ)

አይዞሽ የኔ እህት። መጀመሪያ የሚያለቅሰው መቼ እንደሆነ ለይተሽ እይ፣ ምክንያቱ እዚያው ላይ ነው ያለው። ገና ይዞ ትንሽ እንደሳበ ትን እያለው የሚለቅ ከሆነ ወተቱ በኃይል እየመጣበት ነው። ብዙ ጊዜ ጠዋት የሚሆነውም ለዚህ ነው፣ ሌሊቱን ሲጠራቀም ያድራላ። ለእኔ የጠቀመኝ ትራስ ደርቤ ወደ ኋላ ጋደም ብዬ ልጁን ደረቴ ላይ በሆዱ አስተኝቶ ማጥባት ነው። እንደዚያ ሲሆን ወተቱ ሽቅብ ስለሚወጣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ካልሆነም የመጀመሪያው ሲንፎለፎል ልጁን ከጡት አላቂው፣ ፎጣ ላይ ይፍሰስ፣ ጋብ ሲል መልሺው።

የማታው ሌላ ነገር ነው። ማታ ወተቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ልጁ ደግሞ ደክሞታል፣ ቶሎ ይፈልጋል። መሳቡን ሲያቆም ጡትሽን በእጅሽ ያዝ አድርገሽ ጨመቅ አድርጊለት፣ ወተቱ እየመጣ መሆኑን ሲያይ ይመለሳል። እንቢ ካለሽ አስገሺው፣ ወደ ሌላኛው ጡት አዙሪው፣ ትንሽ ተነስተሽ እያወዛወዝሽ ተዘዋወሪ። ሲጮህ በግድ አፉ ውስጥ አትክተቺበት፣ ጡት ማየትም ያስጠላዋል።

ደግሞ ስድስት ሳምንት አካባቢ የሕፃናት ለቅሶ የሚበረታበት ጊዜ ነው፤ ሦስትና አራት ወር ሲሞላቸው ራሱ ይቀንሳል። ክርስትናው ከዚያ ጋር ገጠመ እንጂ ድግሱ ምንም አላደረገውም፣ ምንም እንኳ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የዋለ ሕፃን ያን ቀን ቢነጫነጭ ባይፈረድበትም።

አዋላጅ ነርስ ነኝ

እህቴ፣ የዱቄት ወተት ከመጀመርሽ በፊት ሁለት ነገር እይ፦ ሽንቱንና ኪሎውን። በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ ዳይፐር በደንብ የሚያረጥብ፣ በዚህ ዕድሜ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ገደማ የሚጨምር ልጅ ወተት አላነሰውም። የ45 ቀን ክትባት ደርሶልሻል አይደል? ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ያለ ልብስ ይመዘን በያቸው፣ ከልደት ኪሎው ጋር አስተያዪው። ማታ ጡትሽ ልምሽሽ ቢልም አልቋል ማለት አይደለም። ዝም ብለሽ ጡጦ ከጨመርሽ ግን የሚጠባው ይቀንሳል፣ የሚጠባው ሲቀንስ የሚመረተውም ይቀንሳል፣ ከዚያ በእውነት ያንስሻል።

እንጥል ማስቆረጥ የሚባለውን ነገር ከጆሮሽ አውጪው። ደም ያፈስሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ልጅ የሞተበት አለ። ጡት ላይ ከማልቀስ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ቅቤ ማዋጥም፣ ውሃም፣ ስኳር በውሃም እንደዚሁ፤ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል።

አፉንም እይው። ምላሱና ጉንጩ ላይ ነጭ ነገር ካለ፣ በንጹህ ጨርቅ ሲጠረግ የማይለቅ ከሆነ፣ አንቺም የጡትሽ ጫፍ የሚያቃጥልሽ ከሆነ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ትታከማላችሁ። አፍንጫው ከተደፈነ እየጠባ መተንፈስ ስለማይችል ይለቃል፣ ከመጥባቱ በፊት የሳላይን (ለአፍንጫ የሚሆን የጨው ውሃ) ጠብታ በቂ ነው።

ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ሁለቱንም ጡት ጨርሶ እንቢ ካለ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ አረንጓዴ ካስታወከ ወይም ሰገራው ላይ ደም ካየሽ እዚህ አትጠይቂን። ሌሊትም ቢሆን ተነስተሽ ሂጂ።

ከቨርጂኒያ

ከላይ ያሉት ሁሉ ትክክል ናቸው፣ ግን የዱቄት ወተትን እንደ መርዝ አናድርገው ባካችሁ። የኔ ልጅ ጡት ላይ ስትቆይ ትውላለች፣ «ቀላብ ቀላብ» የሚል ድምፅ ታሰማለች፣ ኪሎዋ ግን አልነቃነቅ አለ። ከመጥባቷ በፊትና ከጠባች በኋላ መዘኗት፣ የገባላት ትንሽ ነው። ምላሷ ሥር ያለችው ክር አጥራ ይዛት ኖሯል። እስክትስተካከል በሐኪም ምክር ጡትም ፎርሙላም ሰጠኋት፣ ይኸው አሁን ሮጣ አትያዝም። ሚዛኑ አንሷል ካለ አንሷል ነው፣ ያኔ መስጠት ነው፣ ማንም አያፍርሽ።

እማማ ቡና

ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ፣ ቴሌቪዥን ሲጮህ፣ እጣን ሲጨስ ነው እንዴ ማታ የምታጠቢው? መብራት ቀነስ አድርገሽ ጓዳ ግቢ። ሌሊት በሰላም ይጠባል ያልሽው ጨለማና ጸጥታ ስለሆነ ይመስለኛል። ሽቶም ከተቀባሽ ተዪው። አብሽ እየጠጣሽ ከሆነ ደግሞ ቀንሺ፣ ወተቱ ትን እያለው ሌላ ምን ትጨምሪበታለሽ?

የበኩር እናት

እናመሰግናለን እህቶቼ! ጋደም ብዬ ሳጠባው የጠዋቱ ትንታ በጣም ቀንሷል። ክትባቱን ተከተበ፣ ኪሎው ጥሩ ነው ብለውኛል፣ አማቴም አብረውኝ ሄደው ሚዛኑን በዓይናቸው ስላዩ ስለ ቀጠነ ወተት ማውራት ቀርቷል፣ አሁን የማስገሳቱን ሥራ ተረክበዋል። ማታ ግን አሁንም ይነጫነጫል፣ ከበፊቱ ይሻላል ብቻ። አንድ ጥያቄ ለነርሷ፦ በአንድ ጊዜ አንዱን ጡት ብቻ ላጥባው ወይስ ሁለቱንም?

አዋላጅ ነርስ ነኝ

ደስ ይላል። ጠዋት ወተቱ ሲበዛ አንዱን በደንብ ይጨርስ፣ ከፈለገ ሁለተኛውን ስጪው። ማታ ግን እንደፈለገው እያፈራረቅሽ አጥቢው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብትመላለሺም ችግር የለውም። ያልጠባው ጡት ከወጠረሽ ቀለል እስኪልሽ ድረስ ብቻ በእጅሽ አልቢው፣ ሙሉ በሙሉ አታራግፊው፣ ባራገፍሽው ቁጥር የበለጠ ይመረታልና ትንታው ተመልሶ ይመጣል። የሚቀጥለው ክትባት በ10 ሳምንቱ ነው፣ ያኔም ይመዘን።