የሚስት ፊርማ የሌለበት የቤት ሽያጭ ውል፦ 6 ወሩ ከየት ይቆጠራል?

የሕግ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ እርዱኝ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚገኝ ቤት በመንደር ውል (ሳይመዘገብ በምስክር ፊት ብቻ በተጻፈ ውል) ተገዛ። ሦስት ምስክር ፈርሟል፤ ካርታው በባል ስም ነው፤ ሚስት አልፈረመችም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 ውሉ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ (ውል አረጋጋጭ) ፊት ይሁን ይላል። ሻጭ ውሉንም ገንዘቡንም ስላልካደ ይኸኛው ጉድለት በሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም የሚታለፍ ይመስለኛል።

የጨነቀኝ የሚስት ፈቃድ ነው። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 213/1992፣ ያልፈቀደ ተጋቢ ውሉን ባወቀ በ6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ይፍረስልኝ ማለት ይችላል። ገዢው የጣሪያውን ቆርቆሮ አስነቅሎ ሲያስቀይር ሚስቲቱ ደጃፍ ላይ ቆማ አይታለች። «ማወቅ» የሚባለው ይህ ነው ወይስ ወረቀቱን ያየችበት ቀን? የአማራ ክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 79/1995ስ እንዴት ይቆጥራል? አሁን ሽማግሌ ልኮ በአዋዋይ ፊት ማስፈረም ይሻላል ወይስ ዝም ብሎ 2 ዓመቱን መጠበቅ?