ሐረር ለስብሰባ ልሄድ ነው፤ ጁጎልን በእግሬ ለማየት ሰዓቱን እንዴት ላብቃቃው?

ቅድስት ከሐዋሳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ለሦስት ቀን የሙያ ጉባኤ ሐረር እሄዳለሁ፤ ከረቡዕ እስከ ዓርብ። ስብሰባው ጠዋት 2:30 ይጀምርና 11 ሰዓት ያበቃል፣ ምሳም እዚያው ነው። የምናርፈው ከጁጎል፣ ማለትም በግንብ ከታጠረው አሮጌው ከተማ ውጪ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ ነው። ወደ ሐረር በር በእግር ሩብ ሰዓት ቢያስኬድ ነው ብለውኛል። ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ከድሬዳዋ በአውሮፕላን እመለሳለሁ።

እስካሁን በስብሰባ ስም በሄድኩበት ከተማ ሁሉ የማየው አዳራሽና ሆቴል ብቻ ነው። ሐረር ድረስ ሄጄ እንደዚያው ብመለስ ግን ይቆጨኛል። መኪና አልፈልግም፣ መራመድ እወዳለሁ። በየትኛው ሰዓት ልውጣ? አስጎብኚ ግድ ነው ወይስ ለብቻዬ እችላለሁ? ማታ ሰው የሚቀልባቸውን ጅቦችስ በየትኛው ምሽት ልይ? የሄደ ወይም እዚያ የሚኖር ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

የጁጎል ልጅ

አብሽሪ እህቴ! ጁጎል ትንሽ ናት። ግንቡ ዙሪያውን 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ውስጡ ደግሞ 48 ሄክታር ያህል። ርቀቱ አያሳስብሽ፣ የሚያስቸግርሽ ሰዓቱ ነው። እኛ ምሥራቅ ስለሆንን ኅዳር ላይ ፀሐይ 11:45 ገደማ ትጠልቃለች። ስብሰባው 11 ሰዓት ተበትኖ፣ ሻይ ተጠጥቶ፣ ተሰነባብታችሁ ሐረር በር ስትደርሺ መሽቷል። የምሳ ሰዓትንም እርሺው። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሙዚየሞቹ ይዘጋሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ በርጫ፣ የጫት ሰዓት ነው፤ ሱቁም ሰፈሩም ይቀዘቅዛል።

ያንቺ ሰዓት ማለዳ ነው። 12:30 ላይ ከሆቴል ውጪ፣ እስከ 2 ሰዓት ትራመጃለሽ፣ ፊትሽን ታጥበሽ አዳራሽ ትደርሻለሽ።

ረቡዕ ጠዋት በሐረር በር ግቢ። ከጥንቶቹ አምስት በሮች ውስጥ ያልሆነ፣ ኋላ ለመኪና የተከፈተ ነው። አንደኛ መንገድን ይዘሽ ቀጥ ብለሽ ፈረስ መጋላ ትደርሻለሽ። አደባባዩ ላይ ያለው ሐውልት በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ምኒልክን ሲወጉ ለወደቁት የቆመ ነው። አጠገቡ ያለው መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከዚያ ጦርነት በኋላ የተሠራ ነው፤ ቦታው ላይ ቀድሞ ግብፆች የሠሩት መስጊድ ነበር። ከሁለቱ መሐል ቆመሽ ትንሽ ዘወር ዘወር በይ። ከዚያ የልብስ ሰፊዎቹን መንገድ፣ መኪና ግርግርን ይዘሽ ወደ ገበያው፣ ግድር መጋላ ውረጂ። ልብስ ሰፊዎቹ በዚያ ሰዓት ገና ስለማይከፍቱ የስፌት መኪናቸውን ድምፅ ለቅዳሜ አቆዪው።

ሐሙስ ጠዋት ኤረር በር። እንግሊዛዊው በርተን በ1847 ዓ.ም. አካባቢ እንደ ዓረብ ነጋዴ ለብሶ ጉዞ የጀመረው ወደዚህች ከተማ ለመግባት ነበር፤ የገባውም በዚያ በር ነው ይባላል። ፀሐይ ከዚያ በኩል ስለምትወጣ ግንቡ የሚያምረው ጠዋት ነው። ከኤረር በር በውጪ በኩል ወደ ሰንጋ በር፣ ከዚያ ወደ ቡዳ በር ግንቡን ተከትለሽ ሂጂ። አንዳንድ ቦታ ቤቶች ተደግፈውት ግንቡ አይታይም፣ አንዳንድ ቦታ መቃብር ነው፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ቆሻሻ አለ። ይህን ስታዪ እንዳትከፊብን። ከግንቡ ሥር ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ግን ልብ በያቸው። እኛ ወራባ ኑዱል እንላቸዋለን፤ ሌሊት ጅብ የሚገባባቸው ናቸው።

ቀድሞ አስጎብኚ

የጁጎል ልጅ የጻፈው መንገድ ጥሩ ነው፣ ስለ አስጎብኚ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። እንግዲህ ለሙያዬ አዳላ በሉኝ። ያለ አስጎብኚ በጁጎል ብትዞሪ የምታዪው ነጭ፣ አረንጓዴና ሮዝ የተቀባ ግድግዳ ነው። የሐረሪ ቤት ፊቱን ወደ ግቢው ነው የሚያዞረው፣ ወደ መንገድ የሚያሳይሽ በር ብቻ ነው።

ውስጡ ሌላ ዓለም ነው። ወለሉ በቀይ አፈር የተለቀለቀ፣ መቀመጫው ነደባ የሚባል ከፍና ዝቅ ያለ መደብ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥም ሥርዓት አለው። ግድግዳው ላይ ስፌትና ሳህን በረድፍ ተሰቅሏል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካየሽ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ይባላል። ይህን ሁሉ ለማየት የሰው ቤት መግባት አለብሽ፣ የሰው ቤት ደግሞ ዝም ብሎ አይገባም። ባለቤቶቹን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለቅዳሜ ጠዋት ብቻ አስጎብኚ ያዢ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት። ፈረስ መጋላ አካባቢ ይገኛሉ። መታወቂያውን እንዲያሳይሽ ጠይቂ፣ ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ፣ የሙዚየም መግቢያ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩንም አጣሪ። በኋላ የሚነሳው ጭቅጭቅ ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። የገባሽበት ቤት ላሉትም የሆነ ነገር መስጠት ወይም ከሚሸጡት ስፌት መግዛት ወግ ነው።

መንገደኛው

በዚህ አልስማማም። ከአስጎብኚ ጋር ስትሄጂ የምትሰሚው ቁጥር ነው። 82 መስጊድ፣ 102 አድባር፣ 368 መተላለፊያ እያለ ሲደረድርልሽ ከተማዋ ታልፍሻለች። እኔ በመጀመሪያው ጠዋት ሆን ብላ ብትጠፋ ነው የምመክራት። ጁጎል ውስጥ ከልብ መጥፋት አይቻልም፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ከቀጠልሽ ወይ ግንቡ ያቆምሻል ወይ ፈረስ መጋላ ትወጪያለሽ። ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ጎኑን የሚያዞርባቸው ጠባብ መንገዶች አሉ፣ እነሱን ካርታ አይነግርሽም። ስልክሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺው።

አንድ ነገር ልጨምር። ራምቦ ቤት የሚባለውን ዝለይው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር በንግድ ሥራ መኖሩ እውነት ነው፣ ግን ያ ቤት እሱ የኖረበት አይደለም፤ ሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው።

ሰሚራ

ኧረ መንገደኛው፣ ራምቦ ቤትን ለራምቦ ብሎ የሚገባ ማን አለ? ለድሮዎቹ የሐረር ፎቶግራፎች ነው የሚገባው። ላይኛው ፎቅ ባለቀለም መስኮቶች አሉት፣ ከዚያ ሆኖ የከተማዋን ጣሪያ ማየትም አንድ ነገር ነው። የእንጨት ሥራው ብቻ ያስገባል። እህቴ፣ ግቢ።

ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ካሉሽ ግን አጠገቡ ያለውን ራስ ተፈሪ ቤት ምረጪ። አሁን የሸሪፍ ሙዚየም ነው። አንድ ሐረሪ በግሉ ያሰባሰባቸው የእጅ ጽሑፎች፣ የድሮ ድምፅ ቅጂዎች፣ ሰይፎች፣ የከተማዋ የድሮ ገዥዎች፣ አሚሮቹ፣ እዚሁ ያስመቱት የነበረው ሳንቲም ሳይቀር አለ። የእጅ ጽሑፍ ጥረዛና ጥገናም ይሠራበታል። እዚያ ቸኩለሽ እንዳትገቢ።

ለብቻዬ እችላለሁ ወይ ላልሽው፣ በቀን ምንም አትሆኚም። ወጣቶች «አስጎብኚ ልሁንሽ» እያሉ ይከተሉሽ ይሆናል። «ሰው አለኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለሽ እለፊ፣ መንገድ አቋርጠሽ አትከራከሪ። ሻሽ ወይም ነጠላ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። እንደ ቅዱሳን የሚከበሩት የአው አባድርም ሆነ የአሚር ኑር መቃብር ጋ ስትደርሺ ጫማ ይወልቃል፣ ፀጉር ይሸፈናል፣ ጠባቂውን አስፈቅደሽ ነው የምትገቢው። ገበያ ላይ ያሉ ሴቶችን ሳትጠይቂ ፎቶ አታንሺ፤ ልብሳቸው ያምራል ብሎ ካሜራ መደገን ነውር ነው፣ ይቆጡሻልም። ከመሸ በኋላ በእግር መሄዱን ትተሽ ባጃጅ ያዢ።

ቅድስት ከሐዋሳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። የማለዳው ሐሳብ ገብቶኛል። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር አብረውን ይመጣሉ። 60ዎቹን ያለፉ ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ጁጎልን ለማየት ግን ከእኔ ይበልጥ ጓጉተዋል። ትቻቸው መሄድ አልፈልግም። ደግሞ ስለ ጅቡ ማንም አልመለሰልኝም።

የጁጎል ልጅ

ፕሮፌሰሩን በደስታ እንቀበላቸዋለን። ለሳቸው ዋናው ነገር ሽቅብ አለማስወጣት ነው። መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ቁልቁል ሲሆን ደግሞ ጉልበት ይፈትናል፤ ስለዚህ ሙሉ ዙር ይቅርባቸው። በባጃጅ እስከ ፈረስ መጋላ አምጫቸው። ሁለቱ ቤቶች፣ ራምቦና ራስ ተፈሪ፣ ከዚያ ሩቅ አይደሉም። ደረጃ ስላላቸው ላይኛውን ፎቅ ይተዉት፣ ምድር ቤቱ ይበቃቸዋል። ከዚያ የሐረሪ ቤት ውስጥ ነደባ ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጡ፣ አንቺ መኪና ግርግርን ዞረሽ ተመለሺ። ሲያበቃ ባጃጁን ፈረስ መጋላ ላይ ታገኚዋለሽ። ከዘራ ካላቸው ይያዙ። የቆዳ ሶል ያለው ጫማ ግን እንዳያደርጉ፣ ድንጋዩ በእግር ብዛት ልስልስ ብሏል።

ግንቡን ማየት ከፈለጉ ባጃጁን በውጪው መንገድ በሮቹን እየዞረ እንዲያሳያቸው አነጋግሪው። እያንዳንዱ በር ጋ ወርደው ትንሽ ይቆማሉ፣ ይበቃቸዋል። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው ግንብ ነው ብለሽ ከነገርሻቸው የቀረውን እሳቸው ያስተምሩሻል።

ቀድሞ አስጎብኚ

ጅቡን እኔ ልመልስ። ሐሙስ ማታ አድርጊው። ረቡዕ የጉዞ ድካም አለብሽ፣ ዓርብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የመዝጊያ እራት ይኖራል። ሲጨልም፣ 1 ሰዓት ገደማ ነው የሚጀመረው። የታወቁት ቦታዎች በፋላና በርና በሰንጋ በር በኩል ከግንቡ ውጪ ያሉት ናቸው፤ ቦታው ሊለዋወጥ ስለሚችል ግን ባጃጅ ነጂውን «ዘንድሮ ጅብ የሚቀለበው የት ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ባጃጁ እንዳይሄድብሽ፣ ጠብቆ እንዲመልስሽ ተዋዋዪ። መብራቱም የሱ ነው፣ ሥጋ ጎራሹን ጅብ ፎቶ የምታነሺው በባጃጁ መብራት ነው።

ጅቦቹ በስማቸው ይጠሩና ይመጣሉ። ሥጋው በእንጨት ጫፍ ይሰጣል፣ ድፍረቱ ካለሽ እንጨቱን አፍሽ ላይ አድርገሽም ታጎርሻለሽ። ቀላቢው የሚልሽን ብቻ አድርጊ። በድንገት አትሩጪ፣ በራስሽ ፈቃድም አትንኪያቸው። ክፍያውን አስቀድመሽ ጠይቂ። ፕሮፌሰሩ ባጃጅ ውስጥ ሆነው ማየት ይችላሉ፣ ከዚያም ቢሆን ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነው።

ሆድ አይታማ

ማንም ስለ ምግብ አላወራም፣ አይገርምም? የሆቴሉን ቁርስ ተይው። ጠዋት ስትራመጂ ፈረስ መጋላ አካባቢ ትኩስ ሳንቡሳና ፉል አለ። የግመል ሥጋ ከደፈርሽ ግድር መጋላ ነው። ለቤተሰብ የሚወሰድ ከሆነ ሐላዋ፣ ያውም እዚያው የተሠራ፣ በካርቶን አሳስሪው። ቡና ስትገዢ ጥሬውን ግዢ፤ ተቆልቶ የሚሸጠውም ጥሩ ነው፣ ግን ሐዋሳ እስክትደርሺ ሽታው ይሳሳል።

ቅድስት ከሐዋሳ

ሐሙስ ማታ ጅብ፣ ሁለት ማለዳ ለብቻዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከፕሮፌሰሩና ከአስጎብኚ ጋር፤ ወስኛለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ቅዳሜ ሻንጣዬን የት ላስቀምጥ? ከሐረርስ ስንት ሰዓት ብነሳ አውሮፕላኑ አያመልጠኝም?

ሰሚራ

ክፍልሽን ጠዋት አስረክቢና ሻንጣውን ሆቴሉ መቀበያ ተይው፣ ይይዙልሻል። ከሐረር ድሬዳዋ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መንገዱ ሲቀና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ነገር ግን አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መንገዱን ይይዘዋል፣ ደንገጎ ላይ ደግሞ ጠመዝማዛ ነውና ከከባድ መኪና ኋላ ከወደቅሽ ትዘገያለሽ። የ10 ሰዓት በረራ ከሆነ 6 ሰዓት ላይ ከሆቴሉ ውጡ፣ ከ6:30 እንዳያልፍ። ሚኒባስ ቶሎ ቶሎ አለ፣ ግን ሳይሞላ አይነሳም፤ ለፕሮፌሰሩ ስትይ የፊቱን ሁለት ወንበር አብራችሁ ክፈሉት። ሌላው፣ ሐረር ውኃ ሊጠፋ ይችላል። ማታ ማታ ስትገቢ ባልዲው ሞልቶ መቀመጡን አረጋግጪ፣ አለበለዚያ ከማለዳው ጉዞ በኋላ ላብሽን ሳትታጠቢ መድረክ ላይ ትወጫለሽ።